ስም እስከ አያት

ጡረታ ወጥቻለሁ። ሠላሳ ሳይሞላው የምን ጡረታ ነው የሚል ካለ መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ተደግፎ አያውቅም ማለት ነው። እዚያ ዕድሜ ሌላ ነው የሚቆጠረው፤ ፀጉሬን አይታችሁ ፍረዱ። አሁን ቆሰበር ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። እናንተ እንጅባራ በሉት፣ እኛ ቆሰበር ነው የምንለው። ባጃጅ ጥሩ ነው። ቁልፉን ስታዞርለት ይነሣል። ባይነሣም ለምን እንዳልተነሣ ይታወቃል። ነገ ተመለስ አይልህም። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው አይልህም።

በፊት ሥራዬ ጉዳይ ማስፈጸም ነበር። ሰው ድርጅት ሲያቋቁም፣ ማኅበር ሲመሠርት፣ የውጭ ሰው ደግሞ ገንዘቡን ይዞ መጥቶ የኢንቨስትመንት ፈቃድ ሲያምረው፣ ወረቀቱን ይዤ የምሮጠው እኔ ነበርኩ። ለማያውቅ ልንገር። ሦስት ሰዎች ወፍጮ ሊተክሉ ተስማሙ እንበል። መስማማታቸው ብቻውን ድርጅት አያደርጋቸውም። የድርጅቱን ስም ማስያዝ አለ። መመሥረቻ ጽሑፍና መተዳደሪያ ደንብ አለ። እሱን ውልና ማስረጃ ወስዶ መፈራረም አለ። ቲን ነምበር አለ። ከዚያ ደግሞ ቢሮ የተከራያችሁበትን ውል አምጡ ይባላሉ። ወፍጮው ገና ሳይገዛ የወፍጮው ቢሮ ኪራይ መክፈል ይጀምራል። ይሄን ያወጣው ሰው ወፍጮ ቤት ገብቶ ዱቄት አራግፎ አያውቅም። ባለጉዳዩ የውጭ ሰው ከሆነ በዚህ ሁሉ ላይ ገንዘቡ ከአገሩ በባንክ ይገባል፣ ባንኩ ገብቷል ብሎ ይጽፋል፣ ያ ደብዳቤ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ መሬቱ ደግሞ እዚህ ነው የሚጠየቀው። በመሃል ባሕር ዳር አለች። በሦስቱ መሃል የሚላተመው እኔ ነኝ።

ሥራውን ያስተማሩኝ አያ ስንሻው ናቸው። ዳንግላ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ቆርቆሮ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ሽማግሌ። ድሮ እዚያው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ የእሳቸው የእውነቱ ጡረታ ነው። እኔ ያን ጊዜ ጋሪ እነዳ ነበር። አስረኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ ሰለቸኝ፣ እኔም ሰለቸሁት፣ ተለያየን። ባለጉዳይ ከመናኸሪያ አምጥቼ እሳቸው ደጃፍ አወርዳለሁ። አንድ ቀን ከአንድ የፍርድ ቤት ጥበቃ ጋር ስጨቃጨቅ ሰሙኝና ጠሩኝ። ምላስህ ደህና ነው፣ ፈረሱ ላይ ከምታባክነው እዚህ አምጣው አሉኝ። ፈረሱን ለወንድሜ ትቼ ሄድኩ።

አያ ስንሻው የራበው ሰው አያስፈርሙም። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሰውዬው ከገጠር ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ ምንም ሳይቀምስ፣ በእግሩ መጥቶ ነው የሚፈርመው። እጁ ይንቀጠቀጣል። ፊርማው ከመታወቂያው ጋር አይገናኝም፣ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ይሄ ያንተ ፊርማ አይደለም ብላ ትመልሰዋለች። የራስህን ስም የራስህ አይደለም ትባላለህ፣ አስቡት። ስለዚህ እሳቸው ሻይ ቤት ይዘውት ይገባሉ፣ ሽሮ ያበሉታል፣ ስለ ዝናብ ስለ ድንች ያወሩታል፣ ሲረጋጋ እስክሪብቶ ይሰጡታል። አንድም ፊርማ ሲመለስባቸው አላየሁም።

ማኅተም የተመታበት ወረቀት ሲሰጣቸው ደግሞ ወደ ፀሐይ ያነሡታል። ክቡ ማኅተም የኃላፊውን ፊርማ ነክቶ ማለፍ አለበት። ካልነካ እዚያው ይመልሱታል፤ ዛሬ ካላስተካከልክልኝ ነገ ባሕር ዳር ላይ አፍንጫዬ ላይ ይወረውሩታል ይላሉ። ጸሐፊው ይበሳጫል። ይበሳጭ። ከዳንግላ ባሕር ዳር ድረስ የሚመላለሰው እሱ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን ስም ነው። ማንም ሰው ቆርቆሯቸው ሥር ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚሰማው "ስም እስከ አያት" ነው። ጉዳይህ ምንድን ነው አይሉም፣ ከየት መጣህ አይሉም። የአያቱን ስም የማያውቅ ጎረምሳ ከመጣ፣ አንተ ከአባትህ ወዲያ ዛፍ ላይ ነው እንዴ የበቀልከው ብለው ጠይቆ እንዲመጣ ወደ ቤቱ ይሰዱታል። በአውኚ፣ በአገዎቹ ቋንቋ ነው የሚሰድቡት፣ እኔ ለከተሜው እተረጉማለሁ፣ ትንሽ ቅመም ጨምሬ።

እንዲሁ ልማድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ግምጃ ቤት የምትባለው ከተማ ላይ አንድ ባለሱቅ ነበር፣ ከአንድ ወፍጮ ከከሰረበት ሰው ጋር ስሙም የአባቱም ስም አንድ። የዚያኛው የወፍጮ ግብር በዚህኛው ላይ ተጻፈና ሱቁን አሸጉበት። ሚስቱ እያለቀሰች ዳንግላ መጣች። አያ ስንሻው ግምጃ ቤት ድረስ በሚኒባስ ሄዱ፣ እኔም አብሬ ነበርኩ። የግብር ቢሮው ስምና የአባት ስም ብቻ ነው የያዘው። አለቃውን ከወንበሩ አስነሥተው የሁለቱንም አያት አንድ በአንድ አስጠሩት፣ የመንደሩን ሽማግሌ አስመሰከሩ፣ ማታ ሱቁ ተከፈተ። እኔም ከዚያ ወዲህ ስሙ ከአያቱ የማይደርስ ሰው ግማሽ ሰው ይመስለኝ ጀመር።

በኋላ ቆሰበር መጥቼ ለአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ሠራሁ። ስቴፕለር ስለነካህ የሚያስከፍል ሰው ነበር፣ ስለሱ ከዚህ በላይ አላወራም። ከሱ ወጥቼ ለብቻዬ ስሮጥ ነው ሙሩጋን የመጣው።

ሙሩጋን ሕንዳዊ ነው። አባቱ ድሮ ዳንግላ ሒሳብ አስተምረው ነበር፤ ያን ጊዜ የሕንድ አስተማሪ በየአገሩ ነበር። ልጁ እዚያ አገሩ ላይ ከቀርከሃ የጥርስ ስቲኪኒና ምንጣፍ የሚሠራ ሰው ሆኖ፣ አባቱ ሲያወሩለት ያደገውን ደጋ ሊያይ መጣ፣ ቀርከሃውን አየ፣ እዚህ ፋብሪካ እተክላለሁ አለ። መጀመሪያ የሄደው ዳንግላ ትምህርት ቤቱን ሊያይ ነው። እዚያ ሰዎች የአባትህ ተማሪ ይኸውና ብለው አያ ስንሻው ዘንድ ወሰዱት። እሳቸው ማን እንደሆነ ሲነገራቸው ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ተቀመጡ፣ እንደገና ቆሙ። የቲቸር ሰልቫራጅ ልጅ እያሉ እጁን አልለቅም አሉት። ያን ጊዜ ዓይናቸው ደክሞ ጽሕፈቱን ሊተዉት ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። አስጠሩኝ። ይሄን ፋይል እኔ ነኝ የምጽፈው፣ አንተ ትሮጣለህ፣ ከዚህ በኋላ ወንበሬን አጥፋለሁ አሉኝ።

አገር ውስጥ ያሉት ሸሪክ እትዬ የሺ ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቆሰበር ዳር ሰፊ የቀርከሃ ቦታ ያላቸው ሴት። ቀርከሃ ዕድሜ አለው። ለጋውን ብትቆርጠው ይጨማደዳል፤ ዕድሜው ሲደርስ ካልቆረጥከው ደግሞ እያደር ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ከማገዶ አያልፍም። የእትዬ የሺ ቀርከሃ የደረሰ ነበር። የአጥርና የኮርኒስ ነጋዴዎች ደጃቸው ይመላለሱ ነበር። እሳቸው ግን የለም፣ ለፋብሪካው ነው ብለው መለሷቸው። ግቢያቸውንም ለድርጅቱ ቢሮ ብለው በውል ሰጡ። ሁሉ ነገር እዚያ ላይ ተንጠለጠለ፤ ፈቃዱ ቀርከሃው ሳይደርቅ ከመጣ እትዬ የሺ ባለፋብሪካ ናቸው፣ ካልመጣ ባለማገዶ።

እንግዲህ አያ ስንሻው ቆርቆሮ ሥር ተቀመጥን። ፓስፖርቱን ከፈቱ፣ ዓይናቸው ጋ አስጠጉት፣ አራቁት። አንድ ስም ብቻ ነው ያለው። ሙሩጋን። ከጎኑ ያለው መስመር ባዶ።

"ሌላው የት ሄደ?" አሉኝ።

በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጠየቅሁት። ሌላ የለም፣ በእኔ አገር ብዙው ሰው እንዲህ ነው፣ ፓስፖርቱም ባንኩም የሚያውቀኝ በዚህች ብቻ ነው አለ። ተረጎምኩላቸው። ፓስፖርቱን ዘግተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

"የአስተማሪዬን ልጅ አባት የሌለው አድርጌ አልጽፍም።"

ይሄንንም ተረጎምኩለት። ሙሩጋን ዓይኑ ቀላ። ከዚያ የአያቱን ስም ራሱ ነገራቸው፣ ፔሩማል ነው አለ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠራ። አያ ስንሻው በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው ሙሩጋን ሰልቫራጅ ፔሩማል ብለው ጻፉ። ሲጨርሱ ከፍ አድርገው አነበቡት። ሰውዬው ሙሉ ሰው ሆነ። እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ምሳ በላን፣ ከዚያ ፈረመ።

ማንም አልያዘንም። ፓስፖርቱን ወደ አማርኛ የመለሰው ተርጓሚ ባዶ መስመር የማይወድ ሰው ነው፣ አያ ስንሻው የነገሩትን ሞላበት። ቆሰበር ውልና ማስረጃ ያለው ሰውዬ እንዲያውም አመሰገነን፤ የውጭ ሰው ስም እንዲህ ተሟልቶ መጥቶልኝ አያውቅም አለ። ባሕር ዳር አለፈ። ማኅተሙ ሁሉ ፊርማውን ነክቷል። እንዲህ ያለ ንጹሕ ፋይል ይዤ ተጉዤ አላውቅም። ተዘግቶ የከረመው መንገድ በተከፈተበት ሳምንት ከሙሩጋን ጋር አዲስ አበባ ወረድን።

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ክፉ አልነበረችም። ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ክፉ ብትሆን ሰድቤያት ይወጣልኝ ነበር። የባንኩን ደብዳቤ አየች፣ መመሥረቻ ጽሑፉን አየች፣ ጎን ለጎን አደረገቻቸው።

"እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው" አለችኝ።

አንድ ነው አልኳት። ብሩን ያስገባው ሙሩጋን የሚባል ነው አለች። ድርጅቱ ደግሞ የሙሩጋን ሰልቫራጅ ፔሩማል ነው። ብር ያስገባው ሰው ድርጅት የለውም፣ ድርጅት ያለው ሰው ብር አላስገባም።

"ታዲያ ይኸው ቆሟል" አልኳት። "ጠይቂዋ።"

"የቱን ነው የምጠይቀው?"

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሙሩጋን ምን እንዳለች ጠየቀኝ። ሁለት ሆነሃል አልኩት። አንደኛው ይበቃኛል አለ፣ ይቀልድ ነበር ያን ጊዜ።

መፍትሔው ቀላል ነው አሉን። ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው ናቸው የሚል ከኤምባሲው ይምጣ። ኤምባሲው ሄድን። እኛ ፓስፖርት ነው የምናውቀው፣ አያት አናውቅም፣ ያጻፋችሁት እናንተ ናችሁ እናንተው አስተካክሉ አሉ። ልክ ናቸው። በዚህ አገር ሁሉም ልክ ነው፣ ሥራው ብቻ ነው የማይሠራው። ቆሰበር ደወልኩ። ማስተካከል ይቻላል፣ ግን የመመሥረቻ ጽሑፍ ማሻሻያ ስለሆነ ሸሪኮቹ ሁለቱም አንድ ላይ መጥተው እንደገና ይፈርሙ፣ የፓስፖርቱ ትርጉምም ተስተካክሎ ይምጣ ተባልኩ። ስንነሣ መንገዱ ተዘጋ። መንገዱ ሲከፈት ኔትወርክ ጠፋና ሲስተም የለም ተባለ። ሲስተሙ ሲመጣ ተርጓሚው ቢሮውን ዘግቶ ከከተማው ወጥቷል፤ ሌላ ተርጓሚ ደግሞ የሱን ሥራ አልነካም አለ። በስንት ልመና አንዱን አሳመንኩ። እሱ ሲጨርስ ማኅተም የያዘው ሰውዬ ለቅሶ ሄደ። ለቅሶ አትሂድ ይባላል? አይባልም። ማኅተሙን ትተኸው ሂድ ግን ይባላል። እኔ ብያለሁ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ቢሮው በሙሉ ሰምቷል፣ ከዚያ በኋላ የኔ ፋይል ሁልጊዜ ከሥር ነበር።

ሙሩጋን በዚህ ሁሉ መሃል ሁለት ጊዜ አገሩ ደርሶ ተመለሰ። በመጨረሻ መጥቶ እትዬ የሺ ግቢ ተቀመጠ። ሕንድ ያሉ ሸሪኮቹ ገንዘቡ ዝግ ሒሳብ ውስጥ መቀመጡ እንደ ሰለቻቸው፣ ሌላ አገር እንደ መረጡ ነገረን። ስሙን ግን አላማረረም። ይልቅ በሰዉ ሁሉ ፊት አባቴንና አያቴን ጠርቶ የሚያውቅ ቢሮ የሽማግሌው ቆርቆሮ ብቻ ነው አለኝ። ከዚያ ሄደ። ፋይሉ አሁንም ክፍት ነው። ክፍት ማለት ሞቷል ማለት ነው፣ የሚቀብረው ሰው ግን አልተመደበለትም።

የእትዬ የሺ ቀርከሃ ቆሞ ደረቀ። ነፋስ ሲመጣ ይንቋቋል፣ ከመንገድ ይሰማል። ነጋዴዎቹን ጠራኋቸው። አንዱ በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ ሳቀና ሄደ።

ያን ቀን ነው የተነሣሁት። ዳንግላ ሄጄ ሽማግሌውን ልነግራቸው። ምን እንደምላቸው በልቤ አዘጋጅቻለሁ። የስም እስከ አያትዎ ነገር ይኸውና ይህችን ሴት ማገዶ አሳቅፎ አስቀራት ልላቸው። ፋይሉን በብብቴ ይዤ ስወጣ እትዬ የሺ በራቸው ላይ ቆመው አዩኝ። ወዴት ነው አሉኝ። ነገርኳቸው፤ እየጮህኩ ነው የነገርኳቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ሂድ ንገራቸው" አሉኝ። "ስትመለስ ቀርከሃዬ ለምልሞ እንደሆነ እናየዋለን።"

ፋይሉን ከአንዱ ብብቴ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

"ለአስተማሪያቸው ብለው ነው። ዓይናቸው ሳይጠፋ መጨረሻ የጻፉት ወረቀት ያ ነው። እኔ የቀርከሃው ባለቤት ትቼዋለሁ። አንተ ምንህ ተቆርጦ ነው የምትጮኸው?"

ፋይሉን እዚያው እትዬ የሺ ቤት አስቀመጥኩት። ከዚያ በኋላ ሌላ ፋይል አልያዝኩም። አሁን ሁሉም በኦንላይን ሆኗል ይላሉ፣ ጥሩ ነው። ባለፈው አንድ ልጅ ባጃጄ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ፎርሙን በስልኩ ሲሞላ አየሁት። የአያት ስም የሚለው ጎን ቀይ ኮከብ አለች፤ ካልሞላህ አታልፍም። ማሽኑንም አያ ስንሻው ናቸው ያስተማሩት መሰለኝ።

ለእትዬ የሺ የደረቀውን ቀርከሃ በባጃጅ እያመላለስኩ ለጠላ ቤቶች አደረስኩላቸው። ከሥሩ አዲስ ቡቃያ እየወጣ ነው። እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል። የአጥር ነጋዴዎቹ ከአሁኑ መመላለስ ጀምረዋል።

አያ ስንሻው ወንበራቸውን አጥፈዋል። ዓይናቸውን ለማሳየት ቆሰበር ሲመጡ መናኸሪያ የምቀበላቸው እኔ ነኝ። አሁን ማንበብ ስለማይችሉ ነው ይሄን ሁሉ ደፍሬ የጻፍኩት። የሚያነብላቸው ሰው ካለ የግምጃ ቤቱ ባለሱቅ ታሪክ ላይ ሲደርስ ንባቡን ያቁም። ከዚያ ካለፈ እኔ ከተማው ውስጥ ነኝ፣ አገኘዋለሁ።

ለሳቸው የነገርኳቸው መንገዱ ተዘግቶ ጊዜው አለፈ ብዬ ነው። ውሸት አይደለም። ግን አይዋጥላቸውም፤ በመጡ ቁጥር ይጠይቁኛል። ባለፈው ማክሰኞ እጃቸውን ይዤ ባጃጁ ውስጥ አስቀመጥኳቸው፣ ጋቢያቸውን ከጎማው አራቅሁላቸው፣ ተነሣሁ። ትንሽ እንደ ሄድን ከኋላ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

"አንተ ችኩል፣ አሁን እውነቱን ንገረኝ። የዚያን ልጅ ስም ስታስተይብ እስከ አያቱ አላስገባህለትም አይደል?"

ከቆሰበር እስከ አዲስ አበባ ምላሴ ያልደረሰበት ቢሮ የለም። ጥበቃ አልቀረኝም፣ ኃላፊ አልቀረኝም። በመስታወቱ አየኋቸው። ወደ እኔ ነው የዞሩት፣ ግን የሚያዩት እኔን አይደለም።

"አዎ አያ" አልኳቸው። "የአያቱን ስም ዘለልኩት።"

"አውቄዋለሁ" አሉ። ድምፃቸው ጎላ፣ ወገባቸው ቀና አለ፣ ወንበራቸው ላይ የተቀመጡ መሰሉ። ስንቴ ነው የነገርኩህ፣ የሰው ልጅ ስም ተቆርጦ ይገባል ወይ፣ ጋሪህ ላይ መተው ነበረብኝ እያሉ በአማርኛም በአውኚም ሰደቡኝ። ስድባቸው እንዲበቃቸው ብዬ በረጅሙ መንገድ ዞርኩ።